ጥልቅ ጕድጓድ በማይቈፈርበት አገር ስለሚሠራ መጸዳጃ ቤት

በግብርና መጽሔት ላይ ስለ መጸዳጃ ቤት ተጽፎ ማየት አንዳንዱን አንባቢ ያስገርመው ይሆናል። ይህ የጤና ሹሞች ሥራ ነው፥ የእርሻ ሰው ግን ስለ ዘርና ስለ በሬ፥ ስለ አፈርና ስለ ዝናም ይናገር የሚል አይጠፋምና። እኛም ነገሩን ያነሣነው ስለ አፈር ለመናገር ብለን ነው። በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ ክፍል፥ ይኸውም በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ፥ የአፈሩ መራብና የመጸዳጃው መጓደል እንደ ጎረቤታሞች አብረው የሚኖሩ ችግሮች ስለ ሆኑ፥ አንዱን ለብቻው ለማቃናት የደከመ ሰው ድካሙ ግማሹን ብቻ ፍሬ ሲያፈራለት አይተናል።

ይህ አገር ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዐባይ ሸለቆ የሚወርድ ነው። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል፤ የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫም 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ተቀመጠች ስሟ ከግብሯ ጋራ ይስማማል። ከዚያ ወደ አርብ ገበያና ወደ ወገዳ የሚወርድ መንገደኛ ደጋው ወይና ደጋ፥ ወይና ደጋውም ቆላ ሲሆን ያያል። በየኰረብታው ጀርባ ያለው መሬት ብዙው ጭንጫ ነው፤ አንድ ክንድ ሳይቈፈር ድንጋይ ይገኛል። በረባዳው ደግሞ ዋልካ አለ፤ ዋልካውም በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ያብጣል። እንግዲህ መጸዳጃ ቤት ቈፍሩ ተብሎ ትእዛዝ የሚወርደው በእንዲህ ያለው መሬት ላይ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። የፍሳሽ መውሰጃ ቦይ ዘርግቶ የከተማውን ዕድፍ ሩቅ ወስዶ ማጣራትማ ለአዲስ አበባ እንኳ ለከፊሉ ሕዝቧ ብቻ የተቻለ ነገር ስለ ሆነ፥ በጋይንትና በስማዳ ቀበሌዎች በቅርብ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያለ አይመስለንም።

ስለዚህ ለብዙ ዘመን የተሰጠው ምክር አንድ ነበር፤ ሦስት ሜትርና ከዚያም በላይ ቈፍሩ፥ በእንጨት ረብርቡ፥ በጭቃ ምረጉ፥ ጎጆ ሥሩበት የሚል ነው። አፈሩ ጥልቅና ጽኑ በሆነበት ስፍራ ይህ መልካም ምክር ነው። ጭንጫ ላይ ግን ባላገሩ ዶማውን ከሰበረ በኋላ ጕልበት የሚያህል ጕድጓድ ትቶ፥ ሹሙ ሲመጣ የሚታይ ጎጆ ብቻ ያቆማል። ዋልካ ላይ የተቈፈረውም በመጀመሪያው ክረምት አፉ ይናድና ጎጆውን ይዞ ይወርዳል። ረብራቡ እንጨት በእርጥበት ይበሰብሳል፥ በቆላውም ምስጥ ይበላዋል፤ እናትም ልጇን እወድቅ ይሆናል ብላ ወደዚያ አትልክም። እኔ ራሴ በአንድ ቀበሌ በመዝገብ ላይ «መጸዳጃ ያለው» ተብሎ የተጻፈ ግቢ ገብቼ የመጸዳጃውን በር ብከፍት፥ ከመቃን እስከ መቃን የሸረሪት ድር ተዘርግቶበት አገኘሁ። ባለቤቱም ምንም ሳያፍሩ «ቍጥሩ እንዳይጐድል ብለን ነው» አሉኝ። እኚህን ሰው ለመውቀስ አልደፈርሁም። የተጠየቁት መጸዳጃ ቤት እንዲኖራቸው ነበር፥ እንዲጠቀሙበት የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ይህን ስንል የተሠራውን ሥራ ለማቃለል አይደለም። በ1982 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ ከመቶው ሰው 92ቱ ሜዳ ይወጣ እንደ ነበረ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ያወጡት መዝገብ ያመለክታል፤ በ2007 ዓ.ም. ይህ ቍጥር ወደ 29 ዝቅ ብሏል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የሠለጠኑ ሴቶችን አስቀምጦ ቤት ለቤት ስላስተማረ ትልቁ ምስጋና ለእነርሱ ይገባል። ከእስቴ ዐባይን ተሻግሮ በሚገኘው በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ በ1996 ዓ.ም. ገደማ የትራኮማ በሽታን ለመከላከል በተደረገው ዘመቻ፥ ባላገሩ ከገዛ ግቢው በተገኘ እንጨትና ጭቃ፥ በገዛ ጕልበቱ፥ ከ22 ሺህ በላይ መጸዳጃ ቤት ሠርቷል። በእነሴ የተቻለ በእስቴና በስማዳ የማይቻልበት ምክንያት የለም። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በአገሪቱ ገጠር ከመቶ ቤት 39ኙ ምንም መጸዳጃ አልነበረውም፤ ለቤተ ሰቡ ብቻ የሆነና የተሻሻለ የሚባል መጸዳጃ የነበረው ደግሞ ከመቶ አራት ቤት ብቻ ነበር። እንግዲህ ብዙው ሰው ከሜዳ ወጥቶ ወደ ጕድጓድ መጥቷል፤ ጕድጓዱ ግን በሞላና በተናደ ጊዜ ወደ ሜዳው የሚመልሰው መንገድ አጭር ነው።

ሜዳ መውጣት ምን እንደሚያመጣ ለዚህ አገር ሰው ከሩቅ ምሳሌ ማምጣት አያስፈልግም። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ዳር፥ በቈራጣና በዘጌ በሰፈሩ ጊዜ ኰሌራ በሠራዊቱ መካከል ገብቶ ብዙ ሰው ስለ ፈጀ ሰፈሩን ነቅለው ወደ ደብረ ታቦር ለመውጣት ተገደዱ። ኰሌራ በዘመናችንም በየጊዜው ተመላልሷል፤ መንገዱም ያው ነው፥ ከዐይነ ምድር ወደ ውሃ፥ ከውሃ ወደ አፍ። ወስፋትም የሚዛመተው እንዲሁ በተበከለ አፈርና አትክልት ነው። የትራኮማ ነገር ግን ትንሽ ማብራሪያ ይሻል። በዐይን ላይ የምታርፈው ዝንብ እንቍላሏን የምትጥለው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ነው እንጂ በጕድጓድ ውስጥ ባለው እንዳይደለ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ዝንቧን ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ከወዲያ ማዶ በጎንቻ ሲሶ እነሴ መንደሮች ተከፍለው፥ ለግማሾቹ የመጸዳጃ ዘመቻ ተጨምሮላቸው ሁለት ዓመት በተደረገ ምርመራ፥ በልጆች ዐይን ላይ የተገኘው በሽታ በሁለቱም ወገን ልዩነት አልታየበትም። ሁሉም አስቀድመው መድኃኒት ወስደው ነበርና ከዚያ በላይ መጸዳጃው የጨመረው ነገር በዚያ አጭር ጊዜ አልተለየም። ይህን የምንጽፈው ሹማምንት ለሕዝቡ ከልክ ያለፈ ተስፋ እንዳይሰጡ ነው። ጕድጓድ ብትቈፍር ዐይንህ ይድናል ተብሎ የቈፈረ ሰው፥ ልጁ በከረመው ዓመት ዐይኑን ቢታመም ዳግመኛ አይሰማችሁም። ከግቢው የሚያገኘውንና በዐይኑ የሚያየውን ጥቅም ብትነግሩት ግን ይሻላል፤ ይህም ወደ አፈሩ ነገር ይመልሰናል።

የጋይንት ባላገር ፍግን ለምን ወደ እርሻው እንደማይወስድ ሁሉም ያውቃል። ዛፉ ስላለቀ የላሙ እበት ኵበት ሆኖ ይነዳል። ገለባው ለከብት ይሄዳል፤ እህሉ በሰው ይበላል፤ ወደ መሬቱ የሚመለስ ነገር የለም። ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት እርዳታ ውስጥ ከገቡት ወረዳዎች መሆናቸውም ከዚህ የተለየ ታሪክ አይደለም። እንዲህም ሆኖ በየቤቱ አጠገብ አንድ ለምለም ቦታ አይጠፋም፤ እርሱም ጓሮ ነው። በቆሎው፥ ጎመኑ፥ ዱባውና ጌሾው የሚያምረው እዚያ ነው። ምክንያቱን አሮጊቶቹን ብትጠይቁ ዐመዱ፥ ጥራጊውና እጣቢው ሁሉ እዚያ ስለሚደፋ ነው ይሏችኋል፤ የማይሉት ነገር ቢኖር ቤተ ሰቡም ሌሊት የሚወጣው ወደዚያው መሆኑን ነው። እንግዲህ የሰው ዕዳሪ መሬት እንደሚያለማ ለባላገሩ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ አዲሱ ነገር በሽታውን አስቀርቶ ልማቱን ብቻ መውሰድ ነው።

ጥቅሙን በቍጥር እንየው። አንድ ሰው በዓመት 500 ሊትር ገደማ ሽንትና ከ50 ሊትር የማይበዛ ዐይነ ምድር ያወጣል። በዚህ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እንደ ምግቡ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ይደርሳል፤ አብዛኛውም የሚገኘው በሽንቱ ነው። ሥጋና ወተት አዘውትሮ ለማይበላ ለእኛ ባላገር ዝቅተኛውን ቍጥር እንውሰድለት። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት 10 ኪሎ ናይትሮጅን ያወጣል ማለት ነው። በመቶ ኪሎ ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 46 ኪሎ ስለ ሆነ፥ ያ ቤት በዓመት 22 ኪሎ ያህል ዩሪያ በከንቱ ያፈስሳል። ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዩሪያ በሚለው በቆየው ምክር ብናሰላው አንድ ጥማድ መሬት ለማዳበር ጥቂት ኪሎ ብቻ ይጐድለዋል። እርግጥ በአያያዝ ጊዜ ከፊሉ ወደ አየር ይተንናል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ በናረ ጊዜ በየማኅበሩ በር ተሰልፎ ለነበረ ገበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይባልም።

ይህን ጥቅም ለማግኘት ከሚሠሩት የመጸዳጃ ዓይነቶች መካከል ለዚህ አገር እጅግ ይስማማል የምንለው ጕድጓዱ አንድ ሜትር ብቻ የሆነውና ሲሞላ ዛፍ የሚተከልበት ነው። ፈረንጆቹ አርቦርሉ ይሉታል፤ የዛፍ መጸዳጃ ማለት ነው። በዚምባብዌ ይኖሩ የነበሩት ፒተር ሞርጋን የተባሉት ሊቅ አሳብበውና ፈትነው ያሰራጩት ሲሆን፥ ወደ አገራችንም ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በካቶሊክ የተራድኦ ድርጅት አማካይነት ገብቶ በመቂ አካባቢና በሐረርጌ በብዙ ሺህ ቤት ተሠርቷል። የጕድጓዱ ማነስ ድህነት ሳይሆን ጥበብ ነው። ጥልቅ ጕድጓድ ዕድፉን አየርና ሕይወት ወደማይደርስበት ሥር ይቀብረዋል፤ ይህ ግን በላይኛው ሕያው አፈር ውስጥ ስለሚያቆየው ትሉና ጥቃቅኑ ነፍሳት ሁሉ ፈጥነው ወደ አፈርነት ይለውጡታል፥ የዛፍ ሥርም ይደርስበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል፥ ጥልቀቱ አንድ ሜትር የሆነ ክብ ጕድጓድ ይቈፈራል። ሁለት ሰው ከግማሽ ቀን ይልቅ አይደክምበትም። በአፉ ዙሪያ በጋይንት ያልታጣው ድንጋይ በጭቃ ተገጥሞ እንደ ቀለበት ይደረደራል፤ ከጕድጓዱ የወጣውም አፈር በውጭ በኩል ይደለደልበታል፥ ይህም ጎርፍ እንዳይገባ ነው። በቀለበቱ ላይ የሲሚንቶ ስላብ ይቀመጣል። አንድ ሜትር ወርድ ላለው ስላብ 8 ሊትር ሲሚንቶና 30 ሊትር የታጠበ የወንዝ አሸዋ ከቀጭን ሽቦ ጋራ ይበቃል፤ እንግዲህ ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት አራት ቤት የሚያገለግል ይወጣል ማለት ነው። ስላቡ ከፈሰሰ በኋላ ሳይነሣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ መጠጣት አለበት፤ በዚህ ላይ የሚቻኰል ሠራተኛ ከሁለት ወር በኋላ ስንጥቁን ይጠግናል። ጎጆው ከቀላል እንጨትና ከሣር ይሠራ፤ አራት ሰው ተሸክሞ እንዲያነሣው እንጂ ለልጅ ልጅ እንዲቆይ አይደለም።

ከመጠቀም በፊት በጕድጓዱ ወለል ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ ይነጠፋል። ማንም ሰው ከተጸዳዳ በኋላ አንድ እፍኝ አፈርና ዐመድ ይጨምርበታል፥ ቀዳዳውንም በክዳን ይከድናል። ዐመድ ምድጃ ባለበት ቤት ሁሉ ስለማይጠፋ ይህን ጨርሻለሁ የሚል ሰው ሰበብ ፈልጎ ነው። ዐመድ የሚበዛበት ጕድጓድ አይሸትም፥ ዝንብም አይከብበውም። ጠርሙስ፥ ፌስታልና ጨርቅ ግን እንዳይጣልበት ቤተ ሰቡ ይጠንቀቅ። እንዲህ ሲሆን ጕድጓዱ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ይሞላል። አንድ ስንዝር ሲቀረው ስላቡ፥ ቀለበቱና ጎጆው ተነሥተው ወደ አዲሱ ጕድጓድ ይሄዳሉ፤ አሮጌው በመልካም አፈር ጢም ተደርጎ ይደፈናል፥ ዝናም ሲጥልም ችግኝ ይተከልበታል። ማንም ሰው ዕድፉን በእጁ አይነካም፥ በአካፋም አያወጣም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግነቱ ይህ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ትንሽ ስለ ሆነ ስሕተቱም ትንሽ ነው።

በላዩ የሚተከለው እንደ አገሩ ይለያያል። በደጋው ኮክና ጌሾ፥ በቆላው ፓፓያና ሎሚ ይስማማሉ። ጌሾ ለጠላውም ለጠጁም ስለሚፈለግ በገበያ የማይወድቅ ዛፍ ነው። ብዙ ሰው ግን ባሕር ዛፍ ልትከል እንደሚል እናውቃለን፤ ቶሎ አድጎ ስለሚሸጥ አንፈርድበትም፥ ነገር ግን ጓሮውን ሁሉ በጥላውና በሥሩ ስለሚያደርቀው ይህን የመሰለ ቦታ ለእርሱ መስጠት ያሳዝናል። ዛፉ እስኪጸና ድረስ አጥር ይፈልጋል፤ የፍየልን ነገር ለጋይንት ሰው መንገር አያሻም።

ድንጋዩ በግማሽ ሜትር ለሚገኝበት ቦታ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። እስከ ድንጋዩ ይቈፈርና የቀረው ግማሽ ሜትር በድንጋይና በጭቃ ከመሬት በላይ ይገነባል፥ ሁለት ደረጃም ይሠራለታል። በዋልካም ላይ እንዲሁ ከፍ ማድረግ ይገባል፤ ውሃ በክረምት ወደ ላይ ስለሚመጣ የጕድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል መራቅ አለበትና። ከምንጭም 30 ሜትር ይራቅ፥ ምንጊዜም ከምንጩ በታች እንጂ በላይ አይሁን። ጕምራና ርብ ከጉና ወርደው ወደ ጣና የሚገቡ መሆናቸውን፥ በታች ያለውም ሕዝብ ከእነርሱ የሚጠጣ መሆኑን የላይኛው ባላገር አይዘንጋ።

ግቢው ጠባብ ሆኖ ጕድጓዱን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ለማይችል፥ በተለይም ለነፋስ መውጫና ለመካነ ኢየሱስ የከተማ ሰው፥ ሁለት ጕድጓድ ጎን ለጎን ሠርቶ አንዱን እየተጠቀሙ ሌላውን ማሳረፍ ይቻላል። ያረፈው ፈርሶ እንደ ማንኛውም ብስባሽ ወጥቶ ለእርሻ ይውላል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ከሞቃት አገር የመጡ መጻሕፍት አንድ ዓመት ይበቃል ይላሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ግን የአየሩ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች በሆነበት አገር ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያዛል፤ የወስፋት እንቍላል በብርድ ብዙ ጊዜ ሳይሞት ይቆያልና። በጉና ግርጌ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ስለዚህ የጋይንት ሰው ሁለት ዓመት ይጠብቅ፤ የስማዳ ቆላ ሰውም ከዓመት በፊት አይንካው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጥሬውን በሚበላ አትክልት ላይ ባይደረግ ይመረጣል።

ሽንትንና ዐይነ ምድርን ለየብቻ የሚቀበለው መጸዳጃ ከሁሉ ይልቅ ማዳበሪያ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ሥነ ሥርዓት የሚጠይቅ ነው። በፊት በኩል ያለው ሽንቱን በቱቦ ወደ ጀሪካን ይወስዳል፥ በኋላ ያለው ደረቁን ወደ ክፍሉ ይጥላል። ሽንቱ በክዳኑ ተዘግቶ ይጠራቀማል፤ በሚፈለግበት ጊዜ ሦስት ወይም አምስት እጅ ውሃ ተጨምሮበት በተክሉ ሥር በተቈፈረ ቦይ ይፈስሳል፥ አፈርም ወዲያው ይመለስበታል። ቅጠሉ ላይ እንዳይረጭ፥ መኸር ሊሰበሰብ አንድ ወር ሲቀረውም እንዲቆም መጠንቀቅ ይገባል። ለራሱ ቤተ ሰብ ጎመንና በቆሎ ለሚያዳብር ሰው ይህ ይበቃዋል። በአርባ ምንጭ ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. ገደማ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የተካፈለበት ሥራ ይህን ዓይነቱንም ሆነ ከላይ ያልነውን የዛፍ መጸዳጃ በከተማው ዳር ፈትኖታል።

ይሁን እንጂ የደቡብ አፍሪካን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንወድም። የደርባን ከተማ በ1992 ዓ.ም. ገደማ ኰሌራ ከተነሣባት በኋላ ቦይ በማይደርስባቸው ገጠሮቿ ሽንት የሚለይ መጸዳጃ ከ70 ሺህ በላይ አሠራች። መጸዳጃው በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ፥ ጽኑና ንጹሕ ነበረ። ከዓመታት በኋላ ግን ሰዎቹ ሲጠየቁ ብዙዎቹ እንዳልወደዱት፥ ክፍሉን ራሳቸው መጥረጋቸው እንዳስጠላቸው፥ የሚመኙትም የሀብታሙን የውሃ መጸዳጃ መሆኑን ተናገሩ። ባለሙያው ትርፍን ሲያይ ባለቤቱ ነውርን ያያል። ስለዚህ ሽንት የሚለየውን ለሚወድ ገበሬ፥ ለትምህርት ቤትና ለችግኝ ጣቢያ ትተን፥ በየቤቱ የዛፉን ጕድጓድ እናስቀድም የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው።

የነውር ነገር ከተነሣ፥ በስብሰባ ላይ ሰውን በማሳፈር ሥራ ለማስጀመር የሚወድ ሹም አለ። ማሳፈር በአንድ ቀን ብዙ ጕድጓድ ያስቈፍራል፤ ከዓመት በኋላ ግን ከኀፍረቱ ጋራ ጕድጓዱም ይረሳል። ሽማግሌዎችንና ካህናቱን አስቀድሞ ማማከር ይሻላል። በኦሪት ዘዳግም በሃያ ሦስተኛው ምዕራፍ ከሰፈር ውጭ ቈፍሮ ዕዳሪን በአፈር ስለ መሸፈን የተሰጠውን ሥርዓት የማያውቅ ካህን የለም፤ ይህን ከዐውደ ምሕረት ላይ ሲናገሩት ከእኛ ብዙ ስብሰባ ይበልጣል። በሰንበቴና በዕድርም ነገሩ ይነሣ። ሴቶቹ ግን ለብቻቸው ይጠየቁ። ጨለማ እስኪሆን ድረስ ሆዳቸውን አስረው የሚውሉት፥ ሌሊትም ጅብንና ክፉ ሰውን ፈርተው የሚወጡት እነርሱ ናቸውና የጎጆው በር ወዴት ይዙር፥ አጥሩስ ምን ያህል ይርዘም የሚለውን እነርሱ ይወስኑ። ባል ሳይጠየቅ ገንዘብ እንደማይወጣ ሁሉ ሚስት ያልመረጠችው መጸዳጃም አይለመድም።

ከወረዳው ሹማምንት የምንጠብቀው ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። ሲሚንቶ በየጊዜው ዋጋው ስለሚዋዥቅ ድሃው ለብቻው ከረጢት መግዛት አይችልም፤ አራት አራት ሆነው ቢገዙና የሠለጠነ አንድ ግንበኛ በቀበሌው ማዕከል ስላቡን ቢያፈስስላቸው ወጪው ይቀላል። ቍፋሮውን በወንፈልና በደቦ ማድረግ ልማድ ስለ ሆነ ትእዛዝ አያስፈልገውም። ለአቅመ ደካማና ባል ለሞተባት ሴት ጎረቤት እንዲቈፍርላት ዕድሩ ይጠየቅ። የጤናው ሠራተኛና የግብርናው ሠራተኛ ግን ዛሬ በየራሳቸው መዝገብ ስለሚሠሩ አንዱ የቈፈረውን ሌላው አያውቀውም። ቢቻል በአንድ ቀን አብረው ይውጡ፤ ያች ስለ ጕድጓዱ ስታይ ይህ ስለ ችግኙ ይይ።

መዝገቡም ይለወጥ። ስንት ተቈፈረ የሚለው ጥያቄ የሸረሪት ድሩን ቤትም ይቈጥራል። በእርሱ ፋንታ ወደ መጸዳጃው የሚወስደው መንገድ ሣር በቅሎበታል ወይስ በእግር ተረግጧል፥ የዐመድ ዕቃው ሙሉ ነው ወይስ ባዶ፥ ስንቱ ሞልቶ ተደፈነ፥ ከተደፈነውስ ስንቱ ላይ ዛፍ ቆመ ተብሎ ይጠየቅ። የመጨረሻው ቍጥር ከሁሉ ይበልጣል፤ ዛፍ በሸረሪት ድር ቤት ላይ አይበቅልምና። ሹሙ በሩን ሳይከፍት፥ ባለቤቱንም ሳያሳፍር ከአጥር ውጭ ቆሞ ሊቈጥረው ይችላል። በአንድ ግቢ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ወይም አምስት ጌሾ በተርታ ቆሞ ያየ ሰው ያ ቤተ ሰብ ወደ ሜዳ አለመመለሱን ያውቃል።

የጊዜውን ነገር ጨምረን እንናገር። ጕድጓዱ የሚቈፈርበት መልካም ወራት ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ መሬቱ ከክረምቱ እርጥበት ገና አልደረቀም፥ አዝመራውን ለመሰብሰብም ጥቂት ቀን ይተርፋል። በዚያ የተጀመረ ጕድጓድ ለብዙ ቤተ ሰብ እስከ ሐምሌ ድረስ ያገለግላል፥ ሐምሌ ደግሞ የተከላ ወር ነው። እንዲህ ከሆነ ችግኙ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ጌሾና ኮክ በጣቢያው ካልተዘሩ በክረምት ፈልጎ ማግኘት ስለማይቻል፥ የየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት በዚያ ዓመት የሚደፈነውን ጕድጓድ ከየቀበሌው ጠይቆ፥ ቍጥሩን ለችግኝ ጣቢያዎች እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ያስታውቅ።